ከዲዲቲ እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ የቆቦ–ጨርጨር ሜዳ ለዛሬው ሕግ የሚያስተምረው

መግቢያ

ከደሴ ወደ መቀሌ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ተከትሎ የሚጓዝ ሰው ቆቦን ካለፈ በኋላ፣ አላማጣ ከመድረሱ በፊት ዋጃን ያገኛል። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተ ምዕራብ የወሎ ደጋ ተዳፋት ያዋስኑታል፤ መካከሉን ማሽላና ጤፍ የሚያበቅለው የራያ ቆላ ሜዳ ይዞታል። አማርኛና ትግርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩበት ይህ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በክረምት በደጋው የሚጥለው ዝናብ በጎርፍ መልክ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ ገበሬውም ጎርፉን እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል። ጎርፉ ሲጎድል በየጉድባው የሚቀረው ውኃ ደግሞ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። አባቶቻችን «ንዳድ» ይሉት የነበረው ሕመም በዚህ ቆላ ከመስከረም ጀምሮ የሚበረታውም ስለዚህ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በሕክምናው ዓለም መነጋገሪያ የሆነውን ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ከዚህ ሜዳ ጋር ማገናኘት ለአንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ አዲስ ቴክኖሎጂ ወደ ተራው ሰው ቤት ሲገባ መንግሥት ምን ዓይነት ቁጥጥር ሊያደርግ ይገባል የሚለውን ጥያቄ ከሥሩ ለመመርመር ለሚፈልግ የጤና ባለሙያ ይህ ሜዳ ጥሩ መነሻ ነው። ዲዲቲ የተባለው ኬሚካል በአገራችን በሰው መኖሪያ ግድግዳ ላይ አስቀድሞ ከተሞከረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የቆቦ–ጨርጨር ሸለቆ ነበርና።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ሙከራ ታሪክና ከእርሱ ዘግይቶ የመጣውን ሕግ ባጭሩ ካስታወሰ በኋላ፣ ታሪኩ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ቁጥጥር ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ለማሳየት ይሞክራል። የሕጎቹና የክንውኖቹ ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቆቦ–ጨርጨር ሙከራ

የስዊስ ኬሚስት ፖል ሙለር የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት የደረሰበት በ1939 ነበር፤ ለዚህም በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያም በኋላ ኬሚካሉ ወባንና ተስቦን በመከላከል ያስገኘው ውጤት እጅግ አስደናቂ ስለነበር፣ ስምንተኛው የዓለም ጤና ጉባኤ በ1955 በሜክሲኮ ከተማ ተሰብስቦ ወባን ከዓለም ለማጥፋት የሚያስችል ዘመቻ እንዲጀመር ወሰነ።

ኢትዮጵያም ከዘመቻው ውጭ አልሆነችም። በ1950ዎቹ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታና ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በመተባበር በተመረጡ አካባቢዎች የሙከራ ፕሮጀክቶችን አካሄደ። ከእነዚህም መካከል በሰሜን ምሥራቅ የቆቦ–ጨርጨር ሸለቆ፣ በምዕራብ ጋምቤላ፣ እንዲሁም የአዋሽ ሸለቆና የደምቢያ ሜዳ ይጠቀሳሉ። እዚህ ላይ ጨርጨር የተባለው የሐረርጌው ሳይሆን ከአላማጣ በስተ ሰሜን የሚገኘው የራያው ጨርጨር መሆኑን ልብ ይሏል።

የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። ደም የመጠጠች ትንኝ ክብደቷን ለማሳረፍ ግድግዳ ላይ ትቀመጣለች፤ ግድግዳው ዲዲቲ ከተረጨ መርዙ በእግሮቿ በኩል ይገባባትና ጥገኛ ተሕዋሲው በሰውነቷ ውስጥ ለመተላለፍ ሳይበቃ ትሞታለች። ስለዚህ የርጭት ሠራተኛው ፓምፑን በትከሻው አንግቶ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ባለቤቶቹ እህሉን፣ ዕቃውንና መኝታውን ወደ ውጭ ያወጣሉ፤ ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስም ሕፃናቱን ይዘው በደጅ ይቆያሉ። አንድ ጊዜ የተረጨ ግድግዳ ለስድስት ወራት ያህል ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል፤ ቤቱ በመካከሉ ዳግም በጭቃ ከተለሰነ ግን የኬሚካሉ ጥቅም አብሮ ይሸፈናል።

ሙከራው በመካሄድ ላይ ሳለ በ1958 በአገሪቱ ደጋማና ወይና ደጋ አካባቢዎች ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። በጊዜው የተደረገው ጥናት የታመመውን ሰው ቁጥር 3 ሚሊዮን፣ የሞተውን ደግሞ 150,000 አድርሶታል። ከዚህ መቅሠፍት በኋላ በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ርጭቱም ከሙከራ ወደ አገር አቀፍ ሥራ ተሸጋገረ። በዚህ ሥራ የብዙ ሰው ሕይወት እንደዳነ አይካድም። በዚህ ጽሑፍ ስለ ቁጥጥር መጓደል የሚነሣው ነገርም ይህን ውለታ የሚያስረሳ ሊሆን አይገባም።

የቆቦ–ጨርጨሩ ሙከራ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ነበረው። አዲሱ ነገር በሌላ አገር ስለሠራ ብቻ እዚህም ይሠራል ተብሎ አልተወሰደም፤ በራሱ በቆላው አየር፣ በራሱ በጭቃው ግድግዳ፣ በራሷ በአካባቢው ትንኝ ላይ ተፈተነ። በቴክኖሎጂ ቁጥጥር ረገድ ይህ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ፣ ማለትም አንድ ነገር ከተፈቀደና ወደ ቤት ከገባ በኋላ የሚደረገው ክትትል፣ በሕግ ሳይታሰር ለብዙ ዓመታት ቆየ።

ሕጉ ዘግይቶ ሲመጣ

ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ምዝገባና ቁጥጥር የሚደነግግ ሕግ በአገራችን የወጣው በ1990 ሲሆን፣ እርሱም የመንግሥት ምክር ቤት ልዩ ድንጋጌ ቁጥር 20 ነው። በ2010 በአዋጅ ቁጥር 674 ተተካ። ዲዲቲ በቆቦ ሜዳ ግድግዳ ላይ ከተረጨበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ልዩ ድንጋጌው ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተወለደ ልጅ አድጎ፣ ቤት ሠርቶ፣ የራሱን ግድግዳ አስረጭቷል።

በሌሎችም መስኮች ተመሳሳይ መዘግየት ይታያል። ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው በ1895 ነው፤ መሣሪያው በሆስፒታሎቻችን ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ካገለገለ በኋላ የጨረር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 79 የወጣው በ1993 ነበር። መድኃኒትን በሚመለከት ሕጉ ቀደም ብሏል፤ የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 በ1964 ወጣ፤ በ1999 በአዋጅ ቁጥር 176 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2009 አዋጅ ቁጥር 661፣ በ2019 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112 ተከተሉ።

መዘግየቱ ያስከተለው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ትንኟ ኬሚካሉን መቋቋም ጀመረች። የመቋቋሙን ነገር የሚያሳዩ ጥናቶች እየበዙ ቢሄዱም ዲዲቲ ለቤት ውስጥ ርጭት ማገልገሉን የተወው ወደ 2010 ገደማ ነው። ሁለተኛ፣ ለወባ የመጣው ኬሚካል ወደ እርሻና ወደ እህል ጎተራ መሻገሩ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ሦስተኛ፣ በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች ተደርጎ በ2013 የታተመ ጥናት የዲዲቲ ቅሪት በእናቶችና በላሞች ወተት ውስጥ መገኘቱን አመልክቷል። ግድግዳ ላይ የተረጨው ነገር ዞሮ በሕፃን አፍ ገባ ማለት ነው።

የውጭውም ዓለም ቢሆን ቀድሞ የነቃ አልነበረም። ራቸል ካርሰን ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ጉዳት የጻፈችው መጽሐፍ የወጣው በ1962 ሲሆን አሜሪካ ዲዲቲን ያገደችው በ1972 ነው። በ2001 ተፈርሞ በ2004 ሥራ ላይ የዋለው የስቶክሆልም ስምምነት ደግሞ ዲዲቲ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ እንዲውል ገደበ። ከዚህ የምንረዳው፣ ችግሩ የአንድ አገር ስንፍና አለመሆኑን ነው። አዲስ ነገር ጥቅሙን ወዲያው ያሳያል፤ ጉዳቱ ግን ቀስ ብሎ፣ ብዙውን ጊዜም ራሱን ለማስረዳት አቅም በሌለው ሰው ላይ ይገለጣል። ሕግ ጉዳቱ ጎልቶ እስኪታይ ከጠበቀ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

ኪቱ «የለም» ሲል

የክትትሉ ግማሽ በአግባቡ ሲሠራ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ፤ እርሱም ከራሳችን ሙያና ከቅርብ ጊዜ የተገኘ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 ከተጀመረ ወዲህ ማይክሮስኮፕም ሆነ የላቦራቶሪ ባለሙያ በሌለበት ጤና ኬላ ወባን ለመለየት ያስቻለው ፈጣን የወባ መመርመሪያ ኪት ነው። በፋልሲፓረም ወባ ኪቱ የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የተባለውን የጥገኛ ተሕዋሲውን ፕሮቲን ነው። ጠብታ ደም ትወሰዳለች፤ ጥቂት ደቂቃዎች ይጠበቃል፤ መሥመር ከታየ ወባ አለ፣ ካልታየ የለም። ሠራተኛዋ ይህን ውጤት አምና መድኃኒት ትሰጣለች ወይም በሽተኛውን ትመልሳለች።

ተሕዋሲው ግን ተለወጠ። በ2017 እና በ2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተካሂዶ በ2021 ታተመ። በጥናቱ መሠረት አንዳንድ የፋልሲፓረም ዝርያዎች ይህን ፕሮቲን የሚያመርተውን ጂን አጥተዋል፤ በዚህም ምክንያት ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ የሚሆኑት በኪቱ ሳይገኙ እንደሚቀሩ ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው መሰወር ከ5 በመቶ ሲበልጥ ኪቱ እንዲቀየር ይመክራል። ስለሆነም ሌላ ፕሮቲን ወደሚፈልጉ ኪቶች የመሸጋገር ሥራ ተጀመረ።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ነገር አለ። ኪቱ አልተሰበረም፤ ጊዜው አላለፈበትም፤ ሲመዘገብም በደንብ ተፈትኖ ነበር። መሣሪያው ያው ሆኖ ሳለ ከመሣሪያው ውጭ ያለው ዓለም ተለወጠ። ስሕተቱንም የገለጠው መሣሪያው ራሱ አልነበረም፤ ትኩሳት ይዞት «ወባ የለብህም» የተባለውን ሰው ደም በሌላ ዘዴ ደግመው የመረመሩ ሰዎች ናቸው። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚቆጣጠር ሕግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዛሬ ያለው ሕግ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስንል ከብዙ ምሳሌዎች ልማድን ወስዶ በአዲስ ጉዳይ ላይ ግምት ወይም ውሳኔ የሚሰጥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማለታችን ነው። በሕክምና ውስጥ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ያለ ሐኪም ንባብ የስኳር ሕመም በዓይን ላይ ያደረሰውን ጉዳት የሚለይ ፕሮግራም በ2018 ፈቅዷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የደረት ኤክስሬይን እያነበበ የሳንባ ነቀርሳ ጥርጣሬን የሚጠቁም ፕሮግራም ጥቅም ላይ እንዲውል መክሯል። የራዲዮሎጂ ሐኪም በማይገኝበት ቆላ ይህ ትልቅ ተስፋ መሆኑ ግልጽ ነው።

በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከል በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 463 ተቋቋመ፤ ቆይቶም ኢንስቲትዩት ሆነ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ አጸደቀ። በዚያው ዓመት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ፤ አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ጋር ይቆጥራል፤ የቁጥጥሩንም ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይሰጣል። የሕክምና መሣሪያዎችን የመመዝገብና የመቆጣጠር ሥልጣን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112 የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ፖሊሲ አቅጣጫ ያመለክታል፤ ማን ተጠያቂ እንደሚሆን፣ የተጎዳ ሰው የት እንደሚያመለክት፣ የተበላሸ ፕሮግራም በማን ትእዛዝ እንደሚታገድ የሚወስነው ግን ዝርዝር ሕግና መመሪያ ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ስድስት መርሖዎችን አውጥቷል፤ በ2023 ስለ ቁጥጥሩ፣ በ2024 ደግሞ ጽሑፍ አመንጪ ስለሆኑት ታላላቅ ፕሮግራሞች መመሪያ ጨምሯል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በነሐሴ 2024 ጸንቶ ደረጃ በደረጃ በመተግበር ላይ ነው። ይህ ሕግ ፕሮግራሞችን በሚያስከትሉት አደጋ መጠን ይመድባል፤ አንዳንዶቹን ጨርሶ ይከለክላል፤ በሕክምና፣ በሥራ ቅጥር፣ በትምህርትና በብድር የሚያገለግሉትን ብዙዎቹን ከፍተኛ አደጋ ካላቸው ጋር ቆጥሮ ጥብቅ ግዴታ ይጥልባቸዋል። የአፍሪካ ኅብረትም በ2024 አህጉራዊ ስትራቴጂ አጽድቋል።

በዚህ ረገድ የእኛ ትውልድ ከዲዲቲ ዘመን ትውልድ የተሻለ ዕድል አግኝቷል። ያኔ ሕጉ ከኬሚካሉ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘገየ፤ ዛሬ ሕግ አውጪው መሣሪያው ገና በበሩ ሳለ ሊቀድመው ይችላል።

የዕለት ተዕለት ኑሮ

«ይህ ሁሉ ለዋጃ ሰው ምኑ ነው?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ በኮምፒዩተር ስሌት የሚሰጥ ውሳኔ ወደ ገጠሩ ኑሮ መግባት ጀምሯል። ከ2022 ጀምሮ በእጅ ስልክ በቴሌብር በኩል ያለ ዋስትና አነስተኛ ብድር መውሰድ ተችሏል። የባንክ ሹም ሳያይ፣ ተበዳሪው በስልኩ ያካሄደውን እንቅስቃሴ መሠረት አድርጎ የሚፈቀደውን መጠን የሚወስነው ስሌት ነው። ይህ በገበያ ለሚነግድ ሰው ጠቃሚ አገልግሎት ነው። ነገር ግን ብድር የተከለከለ ሰው ለምን እንደተከለከለ የሚያስረዳው አለ ወይ የሚለው ጥያቄ የሕግ ጥያቄ ነው።

በጤናው በኩል ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። እንበልና ከዋጃ አካባቢ የመጣች አንዲት እናት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳል አላስተኛ ብሏት ወደ ሆስፒታል ሄደች። የደረቷ ኤክስሬይ ተነሣ፤ ፕሮግራሙም 100 ከሚሆነው መለኪያ 42 ሰጣት። መለኪያው ላይ የተወሰነው መነሻ 50 ስለነበር የአክታ ምርመራ ሳይታዘዝላት ተመለሰች። ከሁለት ወር በኋላ ሳንባ ነቀርሳ ተገኘባት። ተጠያቂው ማን ነው? ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት፣ የገዛው መሥሪያ ቤት፣ 50 የሚለውን መነሻ የወሰነው ሰው ወይስ ወረቀቱን አምኖ የመለሳት ጤና መኮንን?

መነሻ ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች መነሻ ቁጥር በሚሠሩበት አካባቢ ሁኔታ እንዲስተካከል ይመክራል። በሌላ አገር ሕዝብ የተወሰነ ቁጥር ኤችአይቪ፣ የቆየ የሳንባ ጠባሳና የማገዶ ጭስ ባለበት አካባቢ ትክክል ላይሆን ይችላል። የቆቦ–ጨርጨር ሙከራ ያስተማረው ይህንኑ ነበር፤ ግድግዳውም፣ ትንኟም፣ ሰውም የየቦታው ነው።

ሌላው አደጋ ከመረጃው የሚመነጭ ነው። በ2019 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ተጨማሪ እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸውን ሕሙማን ለመምረጥ በሰፊው ያገለግል የነበረ ፕሮግራም ጥቁር ሕሙማንን ይበድል እንደነበር አሳይቷል። ምክንያቱም ፕሮግራሙ ለሕክምና የወጣውን ገንዘብ የሕመም መለኪያ አድርጎ ስለወሰደ ነው። ሕክምና ለማግኘት የተቸገረ ሰው ወጪው አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ በፕሮግራሙ ዓይን ጤነኛ መሰለ። ይህ በሰሜን ወሎ ምን ማለት እንደሆነ ለባለሙያ ማስረዳት አያስፈልግም። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት በአካባቢው ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ወደ ጤና ጣቢያ ያልደረሰ ሕመም በመዝገብ የለም፤ መዝገቡ ሲጠፋም የነበረው እንዳልነበረ ይሆናል። ከእንዲህ ያለው መዝገብ ብቻ የተማረ ፕሮግራም መድኃኒት የት ይላክ ተብሎ ቢጠየቅ፣ እጅግ የተጎዳውን ወረዳ ደኅና ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

የቋንቋም ነገር አለ። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የሠለጠነ ፕሮግራም «ምች መታኝ» ወይም «መጋኛ ነው» የሚለውን ሕመምተኛ እንዴት ይረዳዋል? የኔትወርክም ነገር አለ። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ትግራይም ቀደም ሲል በጦርነቱ ጊዜ ከስልክና ከኢንተርኔት ተለይታ ቆይታለች። መሥመር ሲኖር ብቻ የሚያስብ መሣሪያ ላይ የተደገፈ ጤና ኬላ መሥመሩ በተቋረጠ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ መንግሥት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያወጣው ሕግና ስለ ቴሌኮም የሚሰጠው ውሳኔ በዕለት ኑሮ ላይ ተነጣጥለው የሚታዩ አይደሉም።

ከታሪኩ የሚወሰዱ ትምህርቶች

ከላይ የተመለከቱት ታሪኮች በዝርዝር ሕግና መመሪያ ውስጥ ሊካተቱ የሚገባቸውን ጥቂት ነጥቦች ያመለክታሉ።

አንደኛ፣ በሥፍራው መፈተን ነው። በሽተኛን በሚመለከት ምክር ወይም ውሳኔ የሚሰጥ ማንኛውም ፕሮግራም እንደ መድኃኒትና እንደ ኪት ሁሉ ተመዝግቦ፣ በአገራችን ሕሙማን ላይ፣ ደጋውንም ቆላውንም ባካተተ ሙከራ ብቃቱ ሊረጋገጥ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ የጊዜ ገደብ ይኑረው። የመመርመሪያ ኪቱ ታሪክ እንዳሳየው ትናንት ትክክል የነበረው መሣሪያ ራሱ ሳይለወጥ ነገ ሊሳሳት ይችላል። ፕሮግራሙ በየጊዜው በሌላ ዘዴ ከተረጋገጡ ናሙናዎች ጋር ይነጻጸር፤ ምን ያህል ስሕተት ሲደርስ እንደሚታገድም አስቀድሞ ይወሰን።

ሦስተኛ፣ ለታካሚው ይነገር። የዲዲቲን ጉዳት ዘግይተን የሰማነው ስለ ኬሚካሉ ለባለቤቶቹ የመንገር ግዴታ ባለመኖሩ ጭምር ነው። ውጤቱን ያነበበው ሰው ወይስ ፕሮግራም መሆኑን ማወቅ፣ በባለሙያ ዓይን እንዲታይለት መጠየቅ፣ መረጃው የት እንደሚሄድ መረዳት የታካሚው መብት ሊሆን ይገባል።

አራተኛ፣ ባለሙያው ማሽኑን የመቃወም ሥልጣን ይኑረው። «ውጤቱ እንዲህ ቢልም እኔ ግን እንዲህ አየሁ» ብላ የጻፈች ነርስ የማትወቀስበት፣ ይልቁንም ማስታወሻዋ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚደርስበት መንገድ ያስፈልጋል። የመድኃኒት ጎጂ ባሕርይ ሪፖርት እንደምናደርግ ሁሉ የፕሮግራም ስሕተትም ሪፖርት ሊደረግ ይገባል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ሐኪም በማይገኝበት ቦታ ጥብቅ ሕግ ማውጣት ድሀውን ከጥቅሙ ማገድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ክርክሩ እውነትነት አለው፤ በ1958 ሰው በብዛት ሲሞት ስለ ዲዲቲ ዝርዝር ሕግ እስኪወጣ እንጠብቅ ማለት አይቻልም ነበር። ነገር ግን የክትትል ሕግ የሚጠይቀው መጠበቅን አይደለም፤ እየሠሩ መመልከትን ነው። ርጭቱ እየተካሄደ ሳለ የትንኟን መቋቋም፣ የወተቱን ቅሪት፣ ወደ እርሻ የሚሻገረውን ኬሚካል በሕግ ግዴታ የሚከታተል አካል ቢኖር ኖሮ አንድም ቤት ከርጭት አይቀርም ነበር፤ ጉዳቱ ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል ነበር።

መደምደሚያ

የቆቦ–ጨርጨር ሜዳ ለዘመናዊው የወባ መከላከል ሥራ መፈተኛ ሆኖ አገልግሏል፤ ነዋሪዎቹም በራቸውን ከፍተው፣ ዕቃቸውን ወደ ደጅ አውጥተው ሙከራውን ተቀብለዋል። ለዚያ እምነት የሚመጥን ሕግ ግን ያገኙት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከዲዲቲ የሚለየው ሽታና ቀለም የሌለው በመሆኑ ነው፤ የተረጨ ግድግዳ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ውሳኔ የሰጠ ፕሮግራም ግን በታካሚው ዘንድ ምንም ምልክት አይተውም። ስለዚህ ምልክቱን ማየት የሚችለው በማሽኑና በታካሚው መካከል የቆመው የጤና ባለሙያ ብቻ ነው።

የፋልሲፓረም ተሕዋሲው ከኪቱ መሰወሩ የታወቀው «የለም» የተባለውን ነገር እንደገና ለመመርመር በደከሙ ባለሙያዎች ነው። ሕግ አውጪዎች የሚያዘጋጁት አዋጅ ምንም ያህል የተሟላ ቢሆን፣ በጤና ኬላው ያለች ሠራተኛ ያየችውን የምትጽፍበት መዝገብና ጽሑፏን የሚያነብ ተቆጣጣሪ ከሌለ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የሙያ ማኅበሮቻችንም ሕጉ በመዘጋጀት ላይ እያለ ይህንኑ ከወዲሁ ሊያሳስቡ ይገባል።